አስታራቂ ነን ወይስ ባለጉዳይ?

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶቻችን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ከደባርቅና ከአይከል ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በሰላም ደረሳችሁ። መንገዱ እንዴት እንደከረመ ስለምናውቅ ይህን ለወግ ያህል አልልም።

ኮሚቴው “ቤተ ክርስቲያን ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ማኅበረሰብን መልሶ በመገንባት ያላት ሚና” በሚል ርእስ ጉባኤውን ክፈትልን አለኝ። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ጦርነቱ የት አልቆ ነው? ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የትግራዩን ጦርነት የሚያስቆመው ስምምነት ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም እፎይ የምንል መስሎን ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ በራሳችን ክልል ሌላው ተነሣ። ቢሆንም እርሻው ጦም ያደረበት ሰው የመጨረሻው ጥይት እስኪተኮስ አይጠብቅም። ክረምቱ ይመጣል፣ ልጆቹ ይርባቸዋል። ስለዚህ እኛም አንጠብቅ።

ዛሬ የማነሣው አንድ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ላስታርቅ ብላ ስትነሣ አስቀድማ ራሷን ትጠይቅ፦ እዚህ ጉዳይ ላይ አስታራቂ ነኝ ወይስ ባለጉዳይ? ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ወንድምህ ከጎረቤቱ ቢጣላ አንተ መሃል ገብተህ ፍርድ አትሰጥም፤ ከወንድምህ ጎን ትቀመጣለህ፣ ሽማግሌ የሚሆነው ሌላ ሰው ነው። እኛ ግን መስቀል ስለያዝን ብቻ ሁልጊዜ መሃል ላይ ያለን ይመስለናል።

ጎንደር ራሷ ምስክር ናት። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ አገር ለሁለት ተከፈለ፣ በወይና ደጋ ጦርነት ገበሬው በሺዎች ረገፈ፤ ንጉሡም በመጨረሻ “ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ” ብለው ወረዱ። ይህ በ1632 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ፋሲል ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ በዓመት በዓል የምንኮራባት ከተማ የተተከለችው ከእርስ በርስ ጦርነት ማግስት ነው፤ በዚያ ጦርነት ደግሞ ሃይማኖት ዳር ቆሞ አላየም።

ሌላም ልጨምር፣ ይቺ ትንሽ ታስቆጣ ይሆናል። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. መጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ማቃጠሉን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ማዳኑን እዚህ ያለ ሕፃን ሁሉ ይተርካል። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ይህችኑ ከተማ ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን ማቃጠላቸውን ግን ስንቶቻችን ለልጆቻችን እንነግራለን? መይሳው የኛ ነዋ! የባዕድን እሳት እንቆጥራለን፣ የራሳችንን እንዘላለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለሌላው ብቻ የተነገረ ይመስለናል።

ስለ እርቅ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሞዛምቢክ ነው። እውነትም የሚገርም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1977 እስከ 1992 በፍሬሊሞ ፓርቲ መንግሥትና በአማፂው ሬናሞ መካከል በተደረገው ጦርነት፣ ረሃቡ ተጨምሮበት፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው አለቀ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያኔ የመንግሥት ወዳጅ አልነበረችም፤ ፍሬሊሞ ንብረቷን ወርሶባት ነበር፤ እሷም በፖርቱጋል ዘመን ከገዢዎቹ ጋር የቆመች ተብላ ትታማ ነበር። እንደዚያም ሆኖ የቤይራው ሊቀ ጳጳስ ጃይሜ ጎንሳልቬስ የሬናሞውን መሪ አግኝተው አነጋገሩ፣ ሳንት ኤጂዲዮ የሚባለው የምእመናን ማኅበርም ሮም ላይ ቤቱን ከፍቶ ሁለቱን ወገን ከሁለት ዓመት በላይ አደራደረ። ልብ በሉ፣ የምእመናን ማኅበር ነው፤ እንደኛው ዓይነት ሰዎች። ጥቅምት 4 ቀን 1992 በእነሱ አቆጣጠር ተፈረመ።

እኔን የበለጠ የሚስበኝ ከፊርማው በኋላ የሆነው ነው። ጠመንጃው በየቤቱ ተቀብሮ ቀርቷል። በ1995 የአገሪቱ የክርስቲያን ምክር ቤት፣ ሐሳቡን ባመነጩት በአንግሊካኑ ጳጳስ ዲኒስ ሴንጉላኔ አማካይነት፣ መሣሪያ ላመጣ ሰው ዶማ፣ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና መስጠት ጀመረ። የተሰበሰበው መሣሪያ ተቆራረጠ፣ ሠዓሊዎች ከብረቱ ቅርጻ ቅርጽ ሠሩበት፤ ከእሱ የተሠራ ወንበር ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል።

ደስ ይላል። ተረቱን እዚህ ላይ ብናቆመው ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። ግን በ1992 የምሕረት ሕግ ወጣና ማን ምን አደረገ የሚለው ተዳፈነ። በ2013 ሬናሞና መንግሥት እንደገና ተታኮሱ፣ በ2019 ሌላ ስምምነት መፈረም አስፈለገ። ለዳግም ግጭቱ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሥልጣንም ምርጫም አለበት። በኔ እምነት ግን ያልተነገረ በደል ዶማ ስለተሰጠው አይሞትም።

ስለ ሩዋንዳ አላስረዝምም። በ1994፣ አሁንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰው መጠለያ ፍለጋ ወደ ንታራማና ወደ ኛማታ አብያተ ክርስቲያናት ገባ፣ እዚያው ታረደ። ከገዳዮቹ ጋር የተባበሩ ካህናት ነበሩ። የአገሪቱ የካቶሊክ ጳጳሳት በጋራ ይቅርታ የጠየቁት በ2016 ነው፤ ከ22 ዓመት በኋላ።

አሁን ወደ ቤታችን። ጭልጋና አካባቢው በቅማንትና በአማራ ስም በተነሣው ግጭት ስንት ጊዜ እንደተቃጠለ ከአይከል የመጣችሁ ትነግሩናላችሁ። የተፈናቀለውና ያፈናቀለው፣ ሟችና ገዳይ፣ አብዛኛው አንድ ታቦት የሚሳለም፣ አንድ ዝክር የሚጠጣ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው ነው። አንዳንዱ የነፍስ አባታቸው እንኳን አንድ ነው! እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን በእርግጥ አስታራቂ መሆን ትችላለች፤ መንግሥት የሌለው፣ ከውጭ የሚመጣ ድርጅትም የማይገዛው ነገር በእጇ አለ። የደም ማድረቅ ሥርዓታችንን ታውቁታላችሁ። በዳይ መጀመሪያ ጥፋቱን ያምናል። ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ሽማግሌ ካሳ ይቆርጣል። መሐላው፣ ማዕዱና መሳሳሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ የምናየው ምንድነው? አዳራሽ ተከራይተን፣ አበል ከፍለን፣ ሁለት ሽማግሌ ካሜራ ፊት እናስተቃቅፍና ማታ በዜና እናያቸዋለን። ያመነ የለም፣ የካሰ የለም። እርቅ ደም ያድርቅ ይባላል፤ ይህኛው ላቡንም አያደርቅ።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በቀብር ላይ የተነሣው ግጭት ግን ሌላ ነው። የሙስሊም ወንድሞቻችን ደም ፈሰሰ፣ መስጊድ ተቃጠለ። የጠቡ መነሻ በመካነ መቃብሩና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ያለ ቦታ ነበር። እዚያ ላይ እኛ ባለጉዳይ ነን፤ መሃል ወንበር ላይ ልንቀመጥ አንችልም። የሚያምርብን ከእኛም ከእነሱም ሽማግሌ እኩል መርጠን፣ መጀመሪያ ማዳመጥ ነው። ለማስተማር ሳይሆን ለማዳመጥ።

ትግራይን በተመለከተ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ተከፍላለች። ቅዱስ ፓትርያርኩ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መቀሌ ድረስ ሄዱ፤ የትግራይ አባቶች ግን አልተቀበሏቸውም። ብዙዎቻችን በእነሱ ተናደድን። እኔ ደግሞ በጦርነቱ ወቅት ከየዐውደ ምሕረቱ የተነገረውን አስታውሳለሁ፤ የእነሱንም የእኛንም። ዳባትና ደባርቅ ላይ ሰው ያጣን ቤተሰቦች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፣ ሐዘናችሁን ላሳንስ አይደለም፣ እግዜር ያውቃል። እዚያም ግን እንዲሁ ቀባሪ ያጣች እናት አለች፤ እሷም “ማርያም” ብላ ነው የምትጮኸው።

ታዲያ እኛ፣ አንድ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር፣ ምን እናድርግ? አገር አናስታርቅም። ሥራ አስፈጻሚው የተስማማበት ግን አለ። የሽማግሌና የካህናት የመንገድ ወጪ እንሸፍን፤ አንድ ደብር ሆነው በተጣሉበት ቦታ ብቻ፣ አበል ሳይከፈል። ለተፈናቀለ ገበሬ ዘርና በሬ እንርዳ፤ ስንረዳ ብሔሩንም ሃይማኖቱንም አንጠይቅ።

ከጦር ሜዳ የተመለሱ ልጆች ጉዳይ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣኛል። ሌሊት እየጮኹ ይነሣሉ፣ በጥፊ የሚመቱት ሚስታቸውን ነው። ወደ ነፍስ አባታቸው ሲሄዱ ስግደት ይሰጣቸዋል፣ ጸበል ይላካሉ፣ ጸበል ቦታ ደግሞ መድኃኒቱን ጣል የሚላቸው አይጠፋም። ጸበሉም ይጠጣ፣ መድኃኒቱም ይወሰድ! ከተማችን ዩኒቨርሲቲና ትልቅ ሆስፒታል አላት፤ የአእምሮ ሐኪሞቹን ከነፍስ አባቶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ያን ያህል ከባድ አይደለም። አባቶች፣ እናንተ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።

ይህ ሁሉ ብር ይፈልጋል። የማኅበሩን የምሥረታ በዓል ድግስ ዘንድሮ እንተወው የሚል ሐሳብ አቅርበናል። የምትቃወሙ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ መብታችሁ ነው፣ ከሻይ በኋላ በግልጽ እንከራከራለን፣ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን። አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ያቅርብልን።