«ይችላል» ያልኩበት ሌሊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ያው አራት ኪሎ፣ ያው መስኮት። የታክሲው ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ድምፁ በመስኮቱ ከገባ፣ ለምዳችሁታል።

ያቺ ነገር እስካሁን አልለቀቀችኝም። ታኅሣሥ 2017፣ የፈንታሌው እሳተ ገሞራ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ እስከዚህ አዲስ አበባ ድረስ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን ጊዜ። የማጠናው የመሬት መንቀጥቀጥ ነውና አንድ ጋዜጠኛ ደወለልኝ፤ ቀጥታ ስርጭት ነው። «ዶክተር፣ ከዚህ የባሰ ሊመጣ ይችላል?» አለኝ። «ይችላል» አልኩ። ከዚያ ማብራራት ጀመርኩ። ከሥር ቅልጥ አለት እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ቀንና ሰዓት ቆርጦ መተንበይ አይቻልም፣ የመንቀጥቀጡ መጠን መለኪያ በአንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል... «እናመሰግናለን ዶክተር።» ሰዓት አለቀ።

ጠዋት ደረጃውን ስወርድ፣ ጎረቤቴ እማማ ግቢው ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው ጉያቸው ውስጥ ተኝታለች። የጋቢያቸው ጫፍ በጤዛ ርሷል። «አንቺ ነሽ እኮ ይመጣል ያልሽው፣ ልጄ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይመጣል» አላልኩም! ያልኩት «ይችላል» ነው። ለእኛ ለተመራማሪዎች «ይችላል» ማለት አይሆንም ብለን አንምልም ማለት ነው። ግን ሐኪም ስለ እናታችሁ «ላይተርፉ ይችላሉ» ቢላችሁ ምን ትሰማላችሁ? እማማም የሰሙት እሱን ነው።

መጀመሪያ በጋዜጠኛው ተናደድኩ። ግን እሱ የጠየቀኝ የእማማን ጥያቄ ነበር፤ ዛሬ ማታ ምን እናድርግ? ሲነቃነቅ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ ከመስታወት ራቁ፣ ሊፍት አትጠቀሙ። ይኼ 15 ሰከንድ አይፈጅም። ከሁሉ በፊት እሱን ብል ኖሮ...

የመንግሥት ኃላፊዎቹ ጋም ያው ነው። አንዱ «አንድ ገጽ አድርገሽ አምጪልኝ» ሲለኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ሳይንስ አንድ ገጽ ይሆናል እንዴ? አሁን ሳስበው፣ በ1953 የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፍርሷል። «ሕንፃ ስትፈቅዱ ማጀቴን አስቡ» ለማለት ስንት ገጽ ይፈልጋል? ደግሞ አንድ ገጽ ላይ «ይችላል»ን እንዴት አድርጌ ነው የምጽፈው? እሱም ያስፈራኛል።

ትናንት ያ ጋዜጠኛ መልእክት ላከልኝ። «ስለ ሕንፃዎች ላነጋግርዎት» ይላል። እስካሁን አልመለስኩለትም።

እማማ ፍራሹን አሁንም ከበሩ አጠገብ ነው የሚያስቀምጡት። ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ። ሳልፍ አየዋለሁ። አንድ ቀን «እማማ፣ ያስገቡት» ልላቸው አፌን ከፍቼ... ግን ያስገቡት ብዬ ደግሞ...

እንጃ።