«ስፈልግ እሠራለሁ፣ ስፈልግ እጫወታለሁ»፦ አንቶኒ ጆንሰንን ፍለጋ

ሄለን፦ እሺ እንኳን በደህና መጣችሁ፣ ዛሬ ዳዊትን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳውን ሰውዬ ነው የምናወራው።

ዳዊት፦ ኧረ ሁለት ሌሊት ነው ባክሽ። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ እኛ ሰባት ቤት ቁጠር ስንባል እንቆጥራለን አይደል፣ እዚህ ቨርጂኒያ አብሮኝ የሚሠራ ጥቁር አሜሪካዊ ግን ዘሩን ሲፈልግ ሲፈልግ በፈረንጆቹ 1870 ላይ ቆመበት።

ሄለን፦ ለምን 1870?

ዳዊት፦ ከባርነት የወጡት ሰዎች በሙሉ በስማቸው የተቆጠሩት ያኔ ነዋ። በ1850 እና በ1860 ቆጠራ ባሮቹ በጌታቸው ስም ሥር ነው የተጻፉት፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም፣ በቃ።

ሄለን፦ ስም የለም?!

ዳዊት፦ የለም። ለዛ ነው አንቶኒ ጆንሰንን ሳገኘው የደነገጥኩት፣ ይሄ በባርነት የመጣ አፍሪካዊ ከዛ 250 ዓመት ቀድሞ ነው ቨርጂኒያ የገባው፣ 1621 ላይ ጄምስ በምትባል መርከብ፣ በ1625ቱ ቆጠራ ላይም «አንቶኒዮ፣ ኔግሮ» ተብሎ ተጽፏል። ጆንሰን የሚለው በኋላ ነው የመጣው፣ ስለዚህ በጆንሰን ብቻ ብትፈልጊው አታገኚውም።

ሄለን፦ እና እንዴት ተገኘ?

ዳዊት፦ በክስ! ኖርዝሃምፕተን የሚባል ካውንቲ አለ፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ አለ።

ሄለን፦ 1632? ፋሲል የነገሠበት ዓመት እኮ ነው!

ዳዊት፦ አዎ፣ ጎንደር ገና ሳትቆረቆር። እና እዛ መዝገብ ላይ አንድ ነገር አለ፣ እንዴት እንደወደድኩት... 1645 ላይ አንቶኒ የሚባል ጥቁር፣ ብዙ ታሪክ አጥኚዎች እሱ ነው ይላሉ፣ ከአንድ ነጭ ጋር በቆሎ ይካፈላል፣ ከዛ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ምን ይለዋል፣ አሁን የራሴን መሬት አውቄያለሁ፣ ስፈልግ እሠራለሁ ስፈልግ እጫወታለሁ። ጸሐፊውም መዝግቦ አስቀመጠው።

ሄለን፦ ወይ ጉድ፣ ድምፁን የሰማሁት ነው የመሰለኝ።

ዳዊት፦ 1651 ላይ 250 ኤከር አገኘ፣ ያኔ ወደ ቅኝ ግዛቱ ላስመጣሽው ለአንድ ሰው 50 ኤከር ይሰጥሻል፣ እሱ የአምስት ሰው አስመዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ እሳት ጎዳው፣ ፍርድ ቤቱም ሚስቱን ሜሪንና ሁለት ሴት ልጆቹን ከግብር ነፃ አወጣቸው። ነጭ ሴቶች የማይከፍሉትን ግብር ጥቁር ሴቶች ይከፍሉ ነበር ልብ በይ።

ሄለን፦ እሺ ጥሩ ጥሩውን ነገርከኝ፣ ፊትህ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ።

ዳዊት፦ አለ። ጆን ካሶር የሚባል ጥቁር ሠራተኛ ነበረው። ካሶር የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ውል ነበረኝ፣ እሱ ግን ሰባት ዓመት ጨምሮ ያዘኝ ብሎ ጎረቤት ነጭ ቤት ገባ፣ ጆንሰን መጀመሪያ ለቀቀው፣ ከዛ ሐሳቡን ቀይሮ ከሰሰ፣ ዕድሜ ልኩን የኔ ነው አለ። መጋቢት 1655 ፈረዱለት።

ሄለን፦ በናትህ! ራሱ በባርነት መጥቶ?

ዳዊት፦ ራሱ። ባልደረባዬ ምን አለኝ መሰለሽ፣ አያት ስትፈልግ የምትፈልገውን አያት አይደለም የምታገኘው።

ሄለን፦ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ይሄን ይዞ ባርነትን ጥቁር ጀመረው ይላል፣ እሱ ያናድደኛል። ሕጉን ማን አወጣው?

ዳዊት፦ እሱማ ቀላል ነው፣ ከካሶር በፊት 1640 ላይ ጆን ፓንች የሚባለውን ጥቁር፣ ከጌታቸው አብረውት የጠፉት ሁለቱ ነጮች የአገልግሎት ጥቂት ዓመት ሲጨመርባቸው፣ እሱን የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክህን አገልግል ብሎ ፈርዶበታል። ጆንሰን ራሱ ምን ደረሰበት፣ ወደ ሜሪላንድ ሄዶ ሞተ፣ 1670 ላይ የቨርጂኒያ ሸንጎ ተቀምጦ ጥቁር ስለነበር ባዕድ ነው ብሎ መሬቱ ለመንግሥት ይሁን አለ።

ሄለን፦ ልጆቹ እያሉ?

ዳዊት፦ ልጆቹ እያሉ። ግን ሰባት ዓመት ቆይቶ የልጅ ልጁ ጆን ሜሪላንድ ውስጥ 44 ኤከር ገዛ፣ ስሙን ምን አለው በይ... «አንጎላ»።

ሄለን፦ አንጎላን አይቶ ያውቃል?

ዳዊት፦ የት አይቶት፣ አባቱም እዚሁ ነው የተወለደው። ሜሪ በ1672 ስትናዘዝ ለልጅ ልጆቿ ላም አውርሳለች፣ ላሞቹ ተመዝግበዋል። አንጎላን ማን እንደነገረው ግን የትም አልተጻፈም።