የኤሌክትሪክ መኪና የፍሬን ዘይት መቼ ይቀየር?

[ምስል፦ የተከፈተ ኮፈን። ካሜራው ወደ ፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ቀስ ብሎ ይጠጋል።]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ?

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የምስራች ይታወቃል። የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ የነዳጅ ማጣሪያ የለም። ልክ ነው። ከዚያ ግን ወሬው እየሰፋ ይሄድና «ፍሬኑም አይነካም፣ ዕድሜ ልኩን ነው» ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የፍሬን ሸራው ከሆነ፣ አዎ፣ ብዙ ይቆያል። የፍሬን ዘይቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሸራ የሚያልቀው በመንዳት ነው። የፍሬን ዘይት የሚያረጀው በጊዜ ነው። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ቢከርምም ያረጃል።

[ምስል፦ ፔዳል፣ ማስተር ሲሊንደር፣ ቱቦዎች፣ ካሊፐር። ፈሳሹ በቀለም ይታያል።]

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ። እግራችሁ ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር ሲሊንደሩ ፈሳሹን ይገፋል። ፈሳሹ በቱቦ አልፎ ካሊፐሩ (ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚያቅፈው ክፍል) ላይ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፈሳሽ በግፊት ስለማይጨመቅ ነው። ይህቺን ነገር ያዟት፣ በኋላ ትመጣለች።

የኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ በተጨማሪ ሌላ ማቆሚያ አለው። እግራችሁን ከፍጥነት ፔዳሉ ላይ ስታነሱ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይቀየራል። የመኪናው ፍጥነት ኤሌክትሪክ ሆኖ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሪጄኔሬቲቭ ፍሬን የሚሉት ይህን ነው፤ እኛም ሪጄን እያልን እንቀጥል። በከተማ ውስጥ አብዛኛውን ማቆም ሪጄን ስለሚሠራው ሸራና ዲስኩ ሥራ ፈት ይሆናሉ። ቮልስዋገን አይዲ 3 እና አይዲ 4 ላይ የኋላ ጎማዎችን ፍሬን በዲስክ ፋንታ በታምቡር የሠራው ያለምክንያት አይደለም። ታምቡር ዝግ ስለሆነ ብዙ ሳይሠራ ቢቀመጥ እንደ ዲስክ ቶሎ አይዝግም።

እንግዲህ «ፍሬኑ ካልሠራ ዘይቱስ ለምን ይበላሻል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ውሃ ነው።

አብዛኛው የፍሬን ዘይት የሚሠራው ግላይኮል ኤተር ከሚባል ኬሚካል ነው። ይህ ነገር እርጥበት ይስባል። በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል፣ በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል፣ ቀስ በቀስ ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል። ጉድለት ይመስላል እንጂ ጥቅምም አለው። ውሃው ፈሳሹ ውስጥ ባይሟሟ ኖሮ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይጠራቀም ነበር። እዚያ ደግሞ ወይ በብርድ በረዶ ይሆናል፣ ወይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ወይ ብረቱን ይበላል። ስለዚህ መጠጣቱ ደግ ነው። ችግሩ ጠጥቶ ጠጥቶ መጥገቡ ላይ ነው።

[ምስል፦ ሦስት ጠርሙሶች፤ ከጎናቸው ቁጥሮቹ።]

አሁን ቁጥር። ጠርሙሱ ላይ ዶት 3፣ ዶት 4፣ ዶት 5.1 የሚል ታያላችሁ። ዶት የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያወጣው ደረጃ ነው። ደረጃው ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ያዛል። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 5.1 ደግሞ ከ260 ወደ 180። አያችሁት? አራት በመቶ እንኳን ያልሞላ ውሃ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ይቀንሳል።

ሲፈላ ምን ይሆናል? እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ አይደለም፣ ይጨመቃል። ቅድም ያዟት ያልኳችሁ ነገር ይህቺ ናት። ፔዳሉን ትረግጣላችሁ፣ ጉልበታችሁ አረፋውን በመጭመቅ ያልቃል፣ ካሊፐሩ ጋ የሚደርስ ግፊት የለም። ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ሲብስ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ከሚባልባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው። ክፋቱ ደግሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። መካኒክ ጋ ስትደርሱ ፔዳሉ ደህና ነው። «ምንም የለበትም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

«የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ግን አይሞቅ!» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። በአዘቦት ቀን አይሞቅም። እስቲ አንድ የተለየ ቀን እንይ።

[ምስል፦ ተራራ አናት ላይ ቻርጅ እየተደረገ ያለ መኪና። ስክሪኑ 100 በመቶ ያሳያል።]

ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድራችኋል። ሌሊቱን ቻርጅ አድርጋችሁ ጠዋት ባትሪው 100 በመቶ ነው። አሁን ረጅም ቁልቁለት ትጀምራላችሁ። ሪጄን ያመነጨውን ኤሌክትሪክ የት ያድርገው? ባትሪው ሙሉ ነው፣ አይቀበልም። ባትሪው በጣም ሲቀዘቅዝም እንዲሁ አይቀበልም። ስለዚህ ሪጄን ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። አንዳንዱ መኪና ስክሪኑ ላይ ይነግራችኋል። አንዳንዱ ደግሞ የፔዳሉ ስሜት እንዳይቀየርባችሁ ብሎ ዝም ብሎ ወደ ሸራው ያዛውረዋል፤ እናንተ አታውቁትም።

ሒሳቡን እንሥራው። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት መጣል አለበት። ከዚህ ላይ የተወሰነውን አየሩና ጎማዎቹ ይወስዱታል። የቀረው በሙሉ ዲስክና ሸራ ላይ ሙቀት ይሆናል። 2.7 ኪሎዋት ሰዓት 29 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ አንስቶ መፍላት እስኪጀምር የሚያደርስ ሙቀት ነው። ባትሪው ራሱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ስለሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና በመጠን ከሚመስለው የቤንዚን መኪና ይከብዳል። የቤንዚን መኪና ነጂ ቢያንስ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ይይዛል። እዚህ ያም የለም።

እና ይህ ሁሉ የሚወድቀው ለወራት እምብዛም ሥራ ባልነካው ፍሬን ላይ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት የስድስት ዓመት ከሆነ አስቡት። (በነገራችን ላይ፣ ቁልቁለት እንደሚጠብቃችሁ ካወቃችሁ 80 ወይም 85 በመቶ ላይ ቻርጁን አቁሙት። ነፃ መፍትሔ ነው።)

መፍላት ብቻ አይደለም። የፍሬን ዘይት ዝገት የሚከላከሉ ቅመሞች አሉት፤ እነሱም በጊዜ ብዛት ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ውሃው የኤቢኤሱን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ክፍል) ጥቃቅን ቫልቮች፣ የካሊፐሩን ፒስተን መብላት ይጀምራል። የኤቢኤስ ክፍል ዋጋ ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ የአንድ ጠርሙስ ዘይት ዋጋ አይከብዳችሁም።

እሺ፣ መቼ ይቀየር?

መጀመሪያ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ። አምራቾች አንድ ዓይነት አይናገሩም። ብዙ የአውሮፓ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ቀይሩ ይላሉ። ቴስላ በየ4 ዓመቱ አስመርምሩና ካስፈለገ ቀይሩ ይላል። ልብ በሉ፣ «በ4 ዓመት ቀይሩ» አላለም፣ «መርምሩ» ነው ያለው። ደግሞም ተጎታች የሚጎትት፣ ተራራ የሚወርድ፣ በተለይ ሞቃትና እርጥበታማ አየር ያለበት ቦታ የሚነዳ ሰው ከዚያ ቀድሞ ያስመርምር ይላል። ይህቺን አረፍተ ነገር አብዛኛው ሰው አያነባትም።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። መመሪያው 2 ዓመት ካለ 2 ዓመት ነው፤ «እኔ እኮ 8,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የነዳሁት» የሚለው ክርክር አይሠራም። መመሪያው 4 ዓመት የሚል ከሆነና የምትኖሩት እርጥበታማ ወይም ቁልቁለት የበዛበት ቦታ ከሆነ ከ2 ዓመት ጀምራችሁ በየዓመቱ አስለኩ። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ የተቀየረበት ቀን የማይታወቅ ከሆነ ግን መለካቱም ይቅር፣ ዝም ብላችሁ ቀይሩት።

[ምስል፦ እስክሪብቶ የሚመስል መለኪያ ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት።]

ስለ መለካት ካነሳን ይህቺን እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ ጋራዥ ውስጥ አይታችኋት ይሆናል። ጫፏ ላይ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አሉ። ፈሳሹ ውስጥ ስትነከር ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ትለካለች፤ ከዚያ ተነስታ የውሃውን መጠን ትገምታለች። ትገምታለች ነው ያልኩት። የዘይቱ ዓይነት ሲለያይ ውጤቱም ይዛባል። ሁለተኛው ችግር ቦታው ነው። የተለካው ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ነው፤ የሚፈላው ግን ካሊፐሩ ጋ ያለው ነው። ሁለቱ እንደ ልብ አይቀላቀሉም። ስለዚህ ቀይ ካበራች እመኗት። አረንጓዴ ካበራች ግን የዘይቱን ዕድሜም ጠይቁ። ናሙናውን በእውነት አፍልቶ የሚፈላበትን ሙቀት የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ አለ። ካገኛችሁ እሱ ይሻላል።

ቀለምስ? አዲስ ዘይት ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ወይም ቀለል ያለ የማር ቀለም አለው። ከጠቆረ አርጅቷል ማለት ይቻላል። ካልጠቆረ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ውሃ ቀለም የለውም።

አሁን ለኤሌክትሪክ መኪና ነጂ በተለይ የምነግራችሁ አንድ ነገር። በቤንዚን መኪና የፍሬን ዘይት መጠን ቀስ እያለ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ሸራው እያለቀ ነው። ሸራ ሲሳሳ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ፈሳሹም ይከተለዋል። የእናንተ ሸራ ግን አላለቀም! እንግዲያው ማጠራቀሚያው ላይ ያለው መስመር በግልጽ ከወረደ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መፍሰስ ነው። ጨምሮ መሄድ አይበቃም፤ መጨመር አሮጌውን ዘይት አዲስ አያደርገውም። ክዳኑንም ለማየት ብላችሁ አትክፈቱት። ማጠራቀሚያው ውስጡን ያሳያል፤ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ይገባል።

ዓይነቱን በተመለከተ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ። ዶት 5 እና ዶት 5.1 ስማቸው ቢቀራረብም ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ቀጠን ያለ ዶት 4 ይፈልጋሉ፤ ኤቢኤሱ በብርድ ጊዜም ቶሎ እንዲሠራ ነው። የሞተር ዘይት ግን ጠብታም ቢሆን አይገባም፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። ከዓመት በፊት ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጠርሙስም አይሆንም። እሱም ሲጠጣ ከርሟል።

[ምስል፦ መካኒክ ኮምፒውተር ከመኪናው ጋር ሲያገናኝ።]

ራሴ ልቀይረው የሚል ካለ፣ በዚህ መኪና ላይ ባይሞክረው እመርጣለሁ። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ፔዳሉን የሚያግዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክፍል ነው። በር ሲከፈት ወይም ፔዳል ሲነካ መኪናው ሊነቃ፣ ይህ ክፍልም በድንገት ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ አንዳንዱ በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ ካልገባ ሥራው አይጀመርም፤ ሲቀየር ቱቦዎቹ ውስጥ የገባው አየርም በደንብ አይወጣም። ጋራዥ ስትመርጡ «ለዚህ መኪና የሚሆን ኮምፒውተር አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የታሸገው ጠርሙስ ፊታችሁ ቢከፈት ጥሩ ነው። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ቀለም ይልጣል።

ያንኑ ቀን ካሊፐሮቹንም አስፈትሹ። ብዙ የማይሠራ ፍሬን ይነክሳል፣ ይጣበቃል፤ ቴስላም በረዶ እንዲቀልጥ ጨው የሚነሰነስባቸው መንገዶች ላይ የሚነዳ ሰው በየዓመቱ ወይም በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲያስጸዳና ግሪስ እንዲያስቀባ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ሥራው አልቆ ቁልፉን ስትቀበሉ መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። ጠንከር ብሎ ከላይ ካልቆመ አየር ቀርቶበታል፤ ከግቢው ሳትወጡ መልሱላቸው። ደህና ከሆነ ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮፈኑ ሥር ለጥፉት። ኪሎ ሜትሩን መጻፍ አያስፈልግም።