ጋና ስትዋሐድ የቶጎላንድ ሕዝብ የሰጠው ድምፅ

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የታሪክ ተማሪዎች፤

ጋና እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1957 ነጻነቷን ስታውጅ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የተሰባሰቡት አራት ግዛቶች በእንግሊዝ እጅ የወደቁበት መንገድ ለየቅል ነበር። የባሕሩ ዳርቻ ከ1874 ጀምሮ ቅኝ ግዛት ነበር፤ አሻንቲ ንጉሡ ፕሬምፔ ከተጋዘና የ1900ው አመፅ ከተደመሰሰ በኋላ በጉልበት የተጠቀለለ ነው፤ ሰሜኑ በጥበቃ ስም ተያዘ። አራተኛው ቶጎላንድ ግን ከጀርመን ተወስዶ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ከተከፈለ በኋላ፣ የእንግሊዙ ድርሻ በመጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ሥር ይተዳደር የነበረ ምድር ነው። በዚህኛው ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ከአራቱ መካከል በሕዝበ ውሳኔ የተጠየቀው እርሱ ብቻ ነውና።

ሜይ 9 ቀን 1956 ለሕዝቡ የቀረበለት ምርጫ ነጻ ከምትወጣው ጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና የቀድሞ ስም) ጋር መዋሐድ፣ ወይም ተለይቶ የወደፊት ዕጣው እስኪወሰን ድረስ በሞግዚትነት መቆየት ነበር። 93,095 ሰዎች ውሕደትን፣ 67,492 ሰዎች መለየትን መረጡ።

የቶጎላንድ ሰሜናዊ ክፍል ውሕደትን የደገፈበት ምክንያት በዬንዲ ከተማ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። እንግሊዝና ጀርመን ድንበር ሲካለሉ የዳጎምባን መንግሥት ለሁለት ሰንጥቀውት፣ የንጉሡ መቀመጫ ዬንዲ በጀርመን በኩል ስትቀር ከሕዝቡ ብዙው በእንግሊዝ በኩል ቀረ። ዬንዲ በኋላ በእንግሊዙ ድርሻ ውስጥ ስለገባች፣ ለዚህ ሕዝብ ውሕደት ማለት የተከፈለ አገሩ ዳግመኛ እንዳይከፈል ዋስትና ማግኘት ነበር። በደቡብ ቶጎላንድ የሚኖሩት የኤዌ ብሔረሰብ ሰዎች ግን በጎልድ ኮስት፣ በእንግሊዝ ቶጎላንድና በፈረንሳይ ቶጎላንድ የተበተኑ ስለነበሩ፣ ብዙዎቹ ውሕደቱ ከምሥራቁ ወገናቸው ለዘለቄታው እንዳይለያቸው ሰጉ፤ በሆ እና በክፓንዱ ወረዳዎች አብላጫው ድምፅ ለመለየት ተሰጠ። እንደ እኔ እምነት፣ ሰሜኑ እሺ ያለውም ደቡቡ እምቢ ያለውም ወገን ከወገኑ እንዳይነጠል በመመኘት ነው። ድምፁ ግን እንደ አንድ ግዛት ተደምሮ ተቆጠረ፤ የደቡቡም እምቢታ በድምሩ ተዋጠ።

በአሻንቲም ቢሆን በ1954 ኩማሲ ላይ የተመሠረተው ንቅናቄ ፌዴሬሽን ይቋቋም ብሎ አጥብቆ ጠይቋል። የነጻነት ትግሉ መሪ የክዋሜ ንክሩማህ ፓርቲ በ1956ቱ ምርጫ ከ104 መቀመጫዎች 71ዱን ሲያሸንፍ ጥያቄው ወደ ጎን ተባለ፤ ማካካሻ ይሆናሉ የተባሉት የክልል ምክር ቤቶችም ብዙ ሳይቆዩ ፈረሱ።

ንክሩማህ አገሪቱ ተበጣጥሳ ነጻ እንዳትወጣ መታገላቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እምቢ ያለውን ወገን ማሳመን ሲገባ፣ በነጻነቱ ሰሞን በደቡብ ቶጎላንድ ለተነሣው ሁከት ወታደር መላኩ፣ በ1958ም ያለ ፍርድ ማሰርን የሚፈቅድ ሕግ መውጣቱ ቅሬታውን አዳፈነው እንጂ አላጠፋውም። በሴፕቴምበር 2020 በቮልታ ክልል የምዕራብ ቶጎላንድን (የቀድሞውን የእንግሊዝ ቶጎላንድ) መገንጠል የሚሹ ታጣቂዎች መንገድ መዝጋታቸው ለዚህ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ የ1956ቱን ውጤት ስታጠኑ በጠቅላላ ድምሩ ሳትወሰኑ በየወረዳው ከፋፍላችሁ እንድትመረምሩት አደራ እላለሁ።

አመሰግናለሁ።