ወረቀት የላትም፣ በካሽ ነው

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። እንደተለመደው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የማወራችሁ።

ሰሞኑን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ የሚል መልእክት አየሁ፦ «ቤት የምታጸዳ፣ ልጅም የምትይዝ ጎበዝ ልጅ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ። ወረቀት ባይኖራትም ችግር የለውም፣ በካሽ ነው።» ሥሩ ልብና አውራ ጣት ተደርድሯል። ወረቀት ሲሉ የሥራ ፈቃድ ማለታቸው ነው። «ችግር የለውም ያለው ማነው?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

እኛ ዘንድ ይሄ ነገር የሚወራው እንደ ውለታ ነው። «አዲስ መጥታ ነው፣ ትንሽ ትደጎም»፣ «የእናቴ ጎረቤት ልጅ ናት»። ውሸት ነው አልልም፤ ብዙዎቻችን እዚህ አገር የመጀመሪያዋን ብር የያዝነው እንደዚያ ነው። ሕጉ ግን ውለታችሁን አያይም። በየሳምንቱ የምትመጣ ከሆነች፣ መቼ እንደምትገባና ምን እንደምትሠራ የምትነግሯት እናንተ ከሆናችሁ፣ አሠሪ ናችሁ። ድርጅት መክፈት አያስፈልግም።

በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ነው አሠሪን ተጠያቂ ያደረገው። የሥራ ፈቃድ እንደሌላት እያወቁ መቅጠር ክልክል ሆነ፤ አይ-9 የሚባለው፣ ሠራተኛዋ መሥራት እንደተፈቀደላት አሠሪው የሚያረጋግጥበት ፎርምም ያኔ መጣ። በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ወረቀቷን አይታችሁ ትሞላላችሁ፣ ማንም ጋ ሳትልኩት ቤታችሁ ታስቀምጡታላችሁ። አልፎ አልፎ፣ ያለ ቋሚ ፕሮግራም ለሚሠራ የቤት ሥራ ፎርሙ አይጠየቅም። ለፋሲካ አንድ ቀን መጥታ ቤቱን ብታጸዳ ማለት ነው። «እሷ እኮ ኮንትራክተር ናት» የሚሉም አሉ። የራሷን ዕቃ ይዛ፣ ብዙ ደንበኛ ይዛ፣ ዋጋዋን ራሷ ቆርጣ የምትሠራ ከሆነ እውነት ነው፣ ፎርሙ ይቀራል። ግን ፈቃድ እንደሌላት እያወቁ በኮንትራት ማሠራትም ያው ክልክል ነው። መጀመሪያ ለተያዘ አሠሪ የ2024 ቅጣት በአንድ ሠራተኛ ከ698 እስከ 5,579 ዶላር ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ በአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ምክንያት ኢሚግሬሽን በራችሁን ያንኳኳል ብዬ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ነገሩ የሚወጣው በሌላ በኩል ነው። በ1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ዞዊ ቤርድን ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕግነት አጩ። ወረቀት የሌላቸው የፔሩ ባልና ሚስት ቤቷ ይሠሩላት ነበር፣ የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) ታክስም አልከፈለችላቸውም። ሹመቱ ቀረ። ቀጥላ የታሰበችው ዳኛዋ ኪምባ ዉድ ነበረች። እሷ ሞግዚቷን የቀጠረችው ሕጉ ሳይከለክል በፊት ነው፣ ታክሱንም ከፍላለች። እሷም ቀረች! እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የዉድ ነው፤ ምንም ሳታጠፋ።

እናንተ ሚኒስትር አትሆኑ ይሆናል፤ ዜግነት ግን ታመለክታላችሁ። ያልተከፈለ ታክስ አለብህ ወይ የሚል ጥያቄ እዚያ ፎርም ላይ አለ። ታክሱ ደግሞ ወረቀት ኖራትም አልኖራትም አይቀርም። በ2025 ለአንዲት ሠራተኛ በዓመት 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ በካሽ የከፈለ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) ታክስ ነበረበት፤ ከእናንተ 7.65፣ ከእሷ 7.65 በመቶ። በሳምንት 300 ዶላር ብትከፍሏት በዓመት 15,600 ነው። ታክሱ ሁለቱም ወገን ተደምሮ 2,386 ዶላር ከ80 ሳንቲም። ከእሷ ካልቆረጣችሁ የእሷንም ድርሻ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በዜል፣ ማለትም በስልክ ብር በሚላክበት መንገድ፣ ልኮ «ስጦታ» ብሎ መጻፍ ምንም አይለውጥም። እንዲያውም በየሳምንቱ አርብ 300 ዶላር ስጦታ... ቀንና መጠኑን ራሳችሁ መዝግባችሁ አስቀመጣችሁ ማለት ነው።

ከሁሉ የምፈራው «ቼኩን በአክስቷ ልጅ ስም ጻፈው» የሚለውን ነው። ወይም የሌላ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተውሶ መሥራት። ያኔ ነገሩ ከቅጥር ጥፋት ወጥቶ ማጭበርበር ይሆናል፣ ሦስት ሰው ይዞ ይገባል። ያቺ የአክስት ልጅ ያላገኘችው ገቢ በስሟ ይመዘገብባታል፤ እሷን ማን አስቧት?

ደግሞ ልጅቷ አንድ ቀን ወረቀት ታገኛለች፣ እግዜር ያድርገው። የአሳይለም (የጥገኝነት) ማመልከቻውም የግሪን ካርዱም ፎርም ያለፉት አምስት ዓመታት የት የት እንደሠራች ይጠይቃል። የቤታችሁን አድራሻ ትጽፋለች። መጻፍም አለባት፤ የምትፈርመው እውነት ነው ብላ ነው። «የእኔን ስም ተይው» ብሎ መለመን፣ ኬዟን ለእናንተ ብላ እንድታበላሽ መለመን ነው።

አሁን የማይወራውን ላውራ። ወረቀት የላትም ማለት መብት የላትም ማለት አይደለም። የሠራችበትን ደመወዝ፣ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ፣ የፌዴራሉ ሕግ ያስከብርላታል። ስትጠይቅ «ኢሚግሬሽን እጠራልሻለሁ» ያለ ሰው ከዕዳ ተበዳሪነት ወደ ተከሳሽነት ተሸጋገረ። «ለጥንቃቄ ነው» ተብሎ ፓስፖርቷ እናንተ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ነገሩ እስር ሊያመጣ ይችላል፤ አስገድዶ በማሠራት ጉዳይ ፓስፖርት መያዝ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። እኛ ያለንበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በ2008 ባወጣው ሕግ በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለምትሠራ የቤት ሠራተኛ የጽሑፍ ውል እንድታቀርቡላት ይጠይቃል። አዳሪ ከሆነች የምታድርበት ክፍል የሚቆለፍ መሆን አለበት። ሳሎን ሶፋ ላይ የምታሳድሩ ሰዎች፣ እየሰማችሁኝ ነው?

እና ምን ላድርግ ለምትሉኝ፦ አሳይለም ካመለከተች ለዓመታት በቆየው ደንብ ከ150 ቀን በኋላ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች፣ ከ180 ቀን በኋላ ሊሰጣት ይችላል። እስከዚያ መርዳት ከፈለጋችሁ ቤት ስጧት፣ አብሉ፣ ጠበቃዋን ክፈሉላት፤ በምላሹ መጥረጊያ አታስይዟት። ፈቃዱ ሲመጣ አይ-9 ሙሉ፣ ካርዱ የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ሲያልቅ እንደገና ማየት ግዴታችሁ ነውና። ያለፉት ዓመታት ታክስ ያልከፈላችሁ ደግሞ በየዓመቱ የታክስ ተመላሽ (ሪፈንድ) የሚያበዛላችሁን ሰውዬ ትታችሁ ፈቃድ ያለው አካውንታንት ጋ ሂዱ። ጥያቄ ያላችሁ በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አብረን እናየዋለን። ሰላም ዋሉ።