የወፍ በሽታ፣ ሮቶና የ3 ደቂቃ ፍል ውሃ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ጉበት ነው፤ ያውም ስለ ልጆች ጉበት። ሄፓታይተስ ኤ። በቤታችን ቋንቋ የወፍ በሽታ።

በእርግጥ «የወፍ በሽታ» ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን ሁሉ የምንጠቀልልበት ስም ነው። የሐሞት ጠጠሩም፣ ሄፓታይተስ ቢም እዚያው ውስጥ ይገባል። ልጅና ጎረምሳ ላይ በድንገት ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤ ነው። ወፏም የለችበትም። ቫይረሱ ከአንዱ ሰው ሰገራ ወጥቶ በእጅ፣ በውሃ ወይም በምግብ በኩል ሌላው ሰው አፍ ይገባል። ለማውራት ደስ አይልም፤ ካልተባለ ግን የቀረው ሁሉ አይገባም።

የዚህ በሽታ ነገር እኔን ሁሌ የሚያስገርመኝ ከዕድሜ ጋር ያለው ጉዳይ ነው። ከ6 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቢያዝ ዓይኑ ቢጫ የሚሆነው ከ10 አንዱ ያህል ብቻ ነው። የቀሩት ትንሽ ትኩሳት፣ ትንሽ ተቅማጥ፣ ወይም ጭራሽ ምንም። «ጥርስ እያወጣ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ያው ቫይረስ ትልልቅ ልጆችን ሲያገኝ ግን ከ10 ሰባቱ ቢጫ ይሆናሉ። እና ቤት ውስጥ ቢጫ ሆኖ የምታዩት የ13 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ታማሚ አይደለም። ከእሱ በፊት ዳይፐር የሚቀየርለት ታናሹ፣ ምንም ሳይመስል እየተጫወተ፣ ቫይረሱን ለቤቱ ሲያድል ሰንብቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይከተላል። ድሮ ሁሉም ሰው ገና በሕፃንነቱ ተይዞ፣ ሳይታወቀው ድኖ፣ ዕድሜ ልኩን የሚያገለግል መከላከያ ይዞ ያድግ ነበር። ከተማው ሲሻሻል፣ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ልጁ ቫይረሱን ሳያገኘው 10 ዓመት ይሞላዋል። ከዚያ በትምህርት ቤት፣ በመንገድ ምግብ፣ በጋራ ውሃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገጥመዋል። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ክፉኛ ይጥላል። በ1988 ሻንጋይ ውስጥ በደንብ ካልበሰለ፣ ክላም ከሚባል ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ 300,000 ያህል ሰው የታመመው፣ አብዛኞቹም ከ20 እስከ 39 ዓመት የነበሩት፣ ከተማው እንዲሁ ግማሽ መንገድ ላይ ስለነበረ ነው። ሙሉ በሙሉ የቆሸሸ ከተማ በሽታውን ይደብቀዋል፤ ሙሉ በሙሉ የጸዳ ከተማ ያጠፋዋል። መሀል ላይ ያለው ነው የሚያሳየው።

እኛ የት ነን? እኔ እንደሚመስለኝ መሀል ላይ ነን። አዲስ አበባን ውሰዱ። ውሃው በፈረቃ ነው። ቧንቧ ውሃ ሲሞላው ግፊት ስላለው ቢሰነጠቅም ወደ ውጭ ነው የሚረጨው። ውሃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይጠፋና በዚያው ስንጥቅ በኩል በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ የሽንት ቤት ፍሳሽ ካለ እሱኑ። ስለዚህ ውሃ ተመልሶ የመጣ ቀን መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ሮቶ ውስጥ አታስገቡት። ለሽንት ቤት መልቀቂያ በባልዲ ያዙት፣ ጠራ ሲል ወደ ሮቶው።

«ማጣሪያ አለን» ለምትሉ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ብዙ ቤት ያለው የሸክላ ማጣሪያ ለባክቴሪያና ለጃርዲያ ጎበዝ ነው። ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን፣ ማለትም 200 ናኖሜትር አካባቢ ነው እንበል። የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ግን 27 ናኖሜትር ነው፤ ከቀዳዳው ሰባት ጊዜ ያህል ያንሳል። ሰተት ብሎ ነው የሚያልፈው። ውሃው መፍላት አለበት፤ እዚህ ላይ ከፍታችንም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋለች፣ ውሃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ሰው የሚመከረው፣ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ጠርዙ ላይ አረፋ ስላሳየ ብቻ ማውረድ አይበቃም። ከዚያ እዚያው ድስት ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። የፈላውን ውሃ ባልታጠበ ጀሪካን ገልብጦ በጆግ መጥለቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ የጆጉን ጆሮ የያዘ እጅ ውሃው ውስጥ ይነከራል። ባለ መክፈቻ ዕቃ ይሻላል።

ኤሌክትሪክ ከሌለስ? ሽታ ያልተጨመረበት ባለ 5 በመቶ በረኪና ለ20 ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ሚሊ ሊትር፣ በሲሪንጅ ተለክቶ። በደንብ አማስሉትና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ በንጹህ ጨርቅ አጥልላችሁ መጠኑን እጥፍ አድርጉ። በዓይን ግምት ጠብ ማድረግ ግን ወይ ውሃውን አይጠጤ ያደርገዋል፣ ወይ ቫይረሱን ሳይነካው ይቀራል።

ምግብ ላይ ሳምቡሳ ትወቀሳለች። ያለ ጥፋቷ ነው። ከዘይት የወጣች ትኩስ ሳምቡሳ ላይ ቫይረሱ አይኖርም፤ 85 ዲግሪ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ችግሩ ያልፈላ ውሃ ያለበት፣ ሁሉም የሚነክርበት ዳጣ ነው፤ ደግሞም ብር ተቀብሎ በዚያው ሳምቡሳ የሚያነሳው እጅ። ሌላው ሰላጣ ነው። ከአቃቂ ወንዝ በሚጠጣ ማሳ ላይ የበቀለ ጥሬ ሰላጣ ኮምጣጤ ስለተጨመረበት አይጸዳም። ቆስጣና ጎመን ስለሚበስሉ ያን ያህል አያሳስቡኝም።

ትምህርት ቤት ከሳኒታይዘር ጋር ተፋቅሯል፣ ከኮቪድ ወዲህ። ይሄ ቫይረስ ግን የቅባት ሽፋን ስለሌለው አልኮል ብዙም አይጎዳውም። የሚያወርደው ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ እየታሸ። ደግሞ የቧንቧውን መክፈቻ አስቡት፤ በቆሸሸ እጅ ተከፍቶ በታጠበ እጅ ይዘጋል። ልጆቻችሁን እጃቸውን ሲያሹ መክፈቻውንም አብረው በሳሙና እንዲያሹት አስተምሯቸው። አንድ ሃይላንድ ለአራት ጓደኛም ይቅር፣ ምንም እንኳ ልጆቹ ስስት ቢመስላቸው።

እሺ፣ ልጁ ታመመ እንበል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች ሕመም። ዓይኑ ገና ነጭ ነው። ክሊኒክ ይኬዳል፣ ዊዳል ምርመራ ይሠራል፣ «ታይፎይድ ነው» ይባልና ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ወይም ጨጓራ ይባላል። በአምስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «መድኃኒቱ ነው ያደረገው» ይባላል። ከዓይን ቀድሞ የሚናገረው ሽንት ነው፤ ጥቁር ሻይ ወይም ኮካ ይመስላል፣ ሰገራው ደግሞ አመድማ ይሆናል። ጎረምሳ ይሄን በራሱ አይነግራችሁም፣ ጠይቁት። ዓይኑን በአምፖል ብርሃን ሳይሆን መስኮት አጠገብ አቁማችሁ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ እዩ።

ምርመራው ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ቦታ «የጉበት ምርመራ» ተብሎ የሚሠራው የቢና የሲ ነው። ሁለቱም ነጻ ቢሉ ኤ የለም ማለት አይደለም። ለኤ የሚጠየቀው አይጂኤም የሚባለው፣ በቅርብ መያዝን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው፤ ከእሱ ጋር ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢንና ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ኤኤልቲ። ኤኤልቲ ከ1,000 አለፈ ተብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ በዚህ በሽታ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ሳይሆን የደም መርጋት ምርመራው ነው ጉበቱ እየከዳ መሆኑን የሚናገረው።

ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ፈሳሽ፣ ዕረፍት፣ ልጁ የሚችለውን ትንሽ ትንሽ ምግብ፤ ጠዋት ላይ ይሻለዋል፣ ያኔ አብሉት። ቅባት ከቤት መጥፋት የለበትም፣ ስኳር በጥብጦ ማጠጣትም ጉበት አያድስም። ፓራሲታሞልን ሐኪም ሳይጠየቅ አትስጡ። ስሚዛና እንዶድን በተመለከተ እንደምታዘበው፣ ልጁ በራሱ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፣ ምስጋናው ግን ወደ ቅጠሉ ይሄዳል። እንዶድ መርዛማ መሆኑን ግን ማንም አያነሳውም። ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚባንን፣ ነገር የሚምታታበት፣ ከአፍንጫው ወይም ከድዱ የሚደማ፣ ትውከቱ አልቆም ያለ ልጅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይገባል። ይሄ ከመቶ አንድ ላይ እንኳ አይደርስም፤ ሲመጣ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ቤት ውስጥ ሽንት ቤቱን፣ የበሩን እጀታና ትውከት የነካውን ቦታ መጀመሪያ ጥረጉት። ቀጥሎ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ አድርጋችሁ ቀብታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። በረኪናን ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ክትባት? «የሄፓታይተስ ክትባት በሕፃንነቱ ወስዷል» የሚል ወላጅ እውነቱን ነው፤ ግን ያ በፔንታቫለንት፣ በአምስት በአንዱ የሕፃናት ክትባት፣ ውስጥ ያለው የቢ ነው። የኤ ክትባት በእኛ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የለም። እስራኤል በ1999 ለሁሉም ሕፃናት ጀምራ በሽታው ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል። አርጀንቲና ከ2005 ጀምሮ በአንድ መርፌ ብቻ ነው የተያያዘችው። አሜሪካ ውስጥ ከ2006 ወዲህ ለሁሉም ሕፃናት ይመከራል። ጀርመንና ስዊድን ያሉ ልጆች ግን በመደበኛው አያገኙትም፤ ለክረምት አያት ጋ ሲላኩ ከአዲስ አበባ የአጎት ልጆቻቸው ይልቅ የሚጋለጡት እነሱ ናቸው። ከ12 ወር ጀምሮ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ከ6 ወር በኋላ። የመጀመሪያው ከጉዞው 2 ሳምንት ቀደም ቢል ጥሩ ነው።

ለወንድምና እህትስ? እዚህ ላይ ካላንደር አውጡ። ቫይረሱ በብዛት የሚወጣው ዓይን ቢጫ ከመሆኑ በፊት ባሉት 2 ሳምንታት ነው፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል። ክትባቱ የሚጠቅመው ከተጋለጡ በ14 ቀን ውስጥ ከተወሰደ ነው። ስለዚህ ውጤቱ የወጣ ዕለት እንጂ «እስቲ ይታይ» ተብሎ በሚቀጥለው ሳምንት አይኬድም። ሳይታመሙ የቀሩትን እስከ 50 ቀን ተከታተሏቸው። የታመመው ልጅ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ትኩሳቱ ለቆት ምግብ ከጀመረ፣ ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ዓይኑ ጨርሶ እስኪነጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ኳስ ጨዋታው ድካሙ እስኪለቀው ይቆይ። ከ10 አንዱ ላይ በሽታው በ6 ወር ውስጥ ተመልሶ ብቅ ስለሚል ሽንቱ እንደገና ከጠቆረ ቫይረሱም አብሮ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በረኪናውን መልሳችሁ አውጡ።