ቆላ የወረዱ አባቶች ቪዲዮ ለምን ይጠቅማል?

[ምስል፦ ታስሮ የቆመ ሰሊጥ፣ ከጀርባው የሚያጭዱ ሰዎች]

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ሲደርቅ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ለዚህ ነው መተማ፣ ቋራና ሁመራ በመስከረምና በጥቅምት ብዙ ሠራተኛ በአንዴ የሚፈልጉት። በዚያ ሰሞን ጎጃም ውስጥ ጤፉ ገና ነው፤ ዋናው አጨዳ ኅዳርን ይጠብቃል። ገበሬው በዚች ክፍተት ማጭዱን ይዞ ቆላ ይወርዳል።

ወራጁ ሁሉ ጎረምሳ አይደለም። ከሞጣም ከቢቸናም መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት አባት አብሮ ይሳፈራል። አሁን አሁን እንዲህ ያሉ አባቶች ውሏቸውን ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ይለቃሉ።

[ምስል፦ ጋቢ የለበሱ አዛውንት፣ ስልኩ ፊታቸው ላይ በጣም ቀርቦ]

መጀመሪያ ሰላምታ ነው። «እንደምን ከረማችሁ? ከብቶቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።» ወጣቶች ረዘመ ይላሉ። እኔ ግን አንድም ቃል ባይቆረጥ እላለሁ። ድሮ በመንገደኛ ይላክ የነበረው መልእክት እኮ ይኸው ነው! በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ቪዲዮው ስልክ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ደብዳቤ ሆነ።

ከሰላምታው ቀጥሎ ማሳው ይምጣ። ደላላ መናኸሪያ ላይ የሚጠራው ዋጋና እዚያ ሲደርሱ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ክፍያው በቀን ነው ወይስ በሂላ፣ ማለትም ታስሮ በቆመው የሰሊጥ ክምር ቁጥር? ማሳው የቱ ድረስ ነው? ሥራ ሳይጀመር አሠሪው ባለበት፣ ፈቅዶ፣ ይህ ቢቀረጽ በኋላ ክርክር ይቀንሳል።

[ምስል፦ ማሳ ዳር የተወጠረ ሸራ፣ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር]

አባቶቼ፣ ማደሪያችሁን ግን አትዝለሉት። ካላዛር የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን እንዲህ ባለ የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች። ማታ ወጥታ ትነክሳለች። አጎበር እዚያው ሸራ ሥር መኖር አለበት፤ ለወባውም ያው ነው።

የካላዛር ክፋቱ መዘግየቱ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ይመጣል። ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ ጤፉን ወቅቶ፣ ጥር ላይ ያተኩሰዋል። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ቆላ መውረዱን ካልሰማ ካላዛርን ላያስበው ይችላል።

ልጆች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። አባታችሁን ትኩሳት ከ2 ሳምንት በላይ ካልለቀቃቸው፣ ከከሱ፣ ሆዳቸው በግራ በኩል ካበጠ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ካርድ እንደወጣ «ቆላ ወርደው ነበር» በሉ። የት እንዳደሩ ከጠየቋችሁ ቪዲዮውን ክፈቱ። ካላዛር መድኃኒት አለው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየ የምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው።